አንድ አስተማሪ ለመመርመር ወደ ስማዳ

ስማዳን ለማየት ብዬ አልሄድሁም፤ ተልኬ ነው። ከዚያ አገር አንድ የክስ ማመልከቻ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ነበርና፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ሲፈለግ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ በበቅሎ መቀመጥ እችላለሁ ያልሁ እኔ ብቻ ሆንሁ። ይህንንም ያልሁት ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ለጨዋታ ነበር።

ማመልከቻው የሚከሰው አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪን ነው። የሰውን ልጆች ከክፍል እያስወጣ ቀጥቃጭ ቤት ያውላቸዋል፤ መጽሐፋቸውን አስጥሎ ከእሳት ጋር ያጫውታቸዋል፤ ይባስ ብሎ ቀጥቃጩን «መምህር» ብለው እንዲጠሩት አስለምዷቸዋል ይላል። ከሥሩ የብዙ ወላጆች የጣት አሻራ አለበት። የመንደሩን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ፤ ሁሉም በሕይወት ያሉ ናቸውና።

ነገሩን የሚያስቸግር ያደረገው እኔ ራሴ ነኝ። ጥቂት ቀደም ብሎ ለአስተማሪዎች የሚሆን መምሪያ ጽፌ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አማካሪ ማስታወሻ ሰጥቶኝ፣ እኔ በአማርኛ አሳምሬ ያወጣሁት ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ተማሪ የሚማረው ነገር ጠልቆ እንዲገባውና ለወደፊት ሥራውም እንዲጠቅመው አስተማሪው ልጆቹን ወደ አናጢ፣ ወደ ሸማኔና ወደ ቀጥቃጭ ቤት እየወሰደ እንዲያስተምራቸው በጥብቅ አዝዣለሁ። ይህን ስጽፍ ቀጥቃጭ ቤት ገብቼ አላውቅም። አለቃዬ መምሪያውን ፈርሞበት እንጂ አንብቦት ስለማያውቅ ክሱንና መጽሐፉን አላገናኛቸውም፤ እኔም ላገናኝለት አልፈለግሁም። ጭራሽ ስወጣ ጠራኝና፣ እግረ መንገዴን የመምሪያውን ቅጂዎች በሣጥን ይዤ በየትምህርት ቤቱ እንዳድል አዘዘኝ። ስለዚህ በአንድ እጄ አድርጉ የሚለውን መጽሐፍ፣ በሌላው እጄ ለምን አደረግህ የሚለውን ክስ ይዤ ተነሣሁ።

እስከ ደብረ ታቦር የሄድሁት በአውቶቡስና በጭነት መኪና ስለሆነ ከአቧራው በቀር የምተርከው የለኝም። ጉዞው የተጀመረው ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ፣ አያ ታረቀኝ ሁለት በቅሎ ይዘው ሲጠብቁኝ ነው። አያ ታረቀኝ የእስቴ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ አጭር ሆነው ትከሻቸው ሰፊ ነው። ሣጥኑን ለመጫን ሲያነሡት ከበዳቸውና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መጽሐፍ ነው አልኋቸው። የጸሎት እንደሆነ ጠየቁ። አይደለም፣ ለአስተማሪዎች እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚነግር ነው፣ የጻፍሁትም እኔ ነኝ አልሁ፤ ይህን ሳልጠየቅ ነው የጨመርሁት። ሣጥኑን ጭነው ጠፈሩት። ከተማውን ወጥተን ቁልቁለቱን ከጨረስን በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር አሉና፣ ማስተማር ሳያውቁ አስተማሪ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤቴ አስተላልፋለሁ ብዬ አለፍሁት።

ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነው። ገብሱ በየማሳው እየታጨደ፣ ክምሩም በየደጁ እየተነሣ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጥቅምትን የሚያውቀው በብርዱና በሥጋው ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም አጎንብሷል። መንገዱ ሲጠብ አጫጆቹ ቀና ብለው ሰላምታ ይሰጡናል፤ እኔም በኮርቻው ላይ ሆኜ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ባርኔጣውን የማነሣበት አቅም አልነበረኝም። በቅሎ መቀመጥ ማለት ፎቶግራፍ መነሣት አለመሆኑን ወገቤ አስረዳኝ።

አመሻሹ ላይ አያ ታረቀኝ አንድ ደጃፍ ላይ ቆመው «የመሸበት እንግዳ» ብለው ተጣሩ። ወጥተው የተቀበሉን ሽማግሌና ሚስታቸው ናቸው። ስማችንን ከመጠየቃቸው በፊት ኮርቻውን ማውረድ ጀመሩ። በእኔ ቤት የመሸበት እንግዳ ቢጣራ ዘበኛው ነው የሚያነጋግረው። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያም እርጎ አቀረቡልን፤ የሚተኙበትን መደብ ለእኔ ለቀቁና እነሱ ከምድጃው ዳር ወረዱ። ቁንጫው ብዙ ነበር፤ እሱም እንደ ባለቤቶቹ እንግዳ ይወዳል። ሽማግሌው ሥራዬን ጠየቁኝ። ትምህርት ላይ ነኝ አልሁ። የት እንደማስተምር ጠየቁ። እኔ አላስተምርም፣ ስለ ማስተማር እጽፋለሁ አልኋቸው። እርሳቸውም ሚስታቸውን አዩና እርጎ እንዲጨመርልኝ አዘዙ፤ አንድ ነገር ያመመኝ መስሏቸው ይሆናል።

ዓርብ ረፋዱ ላይ በመንገዳችን ካገኘነው ትምህርት ቤት ገባሁ። ዲሬክተሩ በአክብሮት ተቀበለኝ። ስለ መምሪያው ብጠይቀው አንድ ቅጂ ቀድሞ እንደ ደረሰው ነገረኝ፤ ከአንገቱ ላይ ቁልፍ አወጣ፣ ቁም ሣጥን ከፈተ፣ ነጠላ ጨርቅ ፈታና አሳየኝ። ገጾቹ ገና አልተላቀቁም። ልጆቹ እንዳያቆሽሹት፣ አስተማሪዎቹም እንዳይወስዱት ራሱ እንደሚጠብቀው አስረዳኝ። ከዚያ አንድ ክፍል አስገባኝ። አስተማሪው ብረት ሲሞቅ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ተነሥተው «ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል» አሉ፤ ድምፃቸው ጣሪያውን ያነሣል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ያንኑ ደገሙልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ጮክ ብለው ነው። በማስታወሻዬ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛ ቅጂ ስሰጠው ዲሬክተሩ በጣም አመሰገነኝ፤ የሚቆልፍበት ነገር ሁለት ሆነለት።

ማታውን መካነ ኢየሱስ ገባን። ከተማ ነች፤ የቆርቆሮ ቤትና ሱቅ ስላየሁ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ያደርንባት ወይዘሮ ጠላ ሻጭ ነች። ዓርብ ስለሆነ ባቄላ አሹቅና የሽምብራ ወጥ ነው ያቀረበችልን። እንዴት እንደምራመድ አይታ ኖሯል፣ ሳልጠይቃት የበግ ለምድ አምጥታ በኮርቻዬ ላይ ሰፋችልኝ። ዋጋውን ብጠይቃት ስመለስ እንድመልስላት ነገረችኝ። የተመለስሁት በሌላ መንገድ ነው። ለምዱ ዛሬም እኔ ጋ ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ሄድን። እሑድ አያ ታረቀኝ በቅሎ አልጭንም ስላሉ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከዘመዳቸው ቤት ዋልን። ውሃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። የማያውቁትን ሰው እግር፣ ያውም የከተማ እግር፣ እንዲህ በእርጋታ ሲያጥቡ ማየት ያሳፍራል። እግሬን ሳብ ባደርገው የቤቱ አባወራ ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

ሰኞ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከአንድ ጅረት ደረስን። ውሃው ጉልበት አይሞላም። በቅሎዋ ዘልላ ስትገባ የግራው እርካብ ብረት ተሰበረ፤ እኔም ወረድሁ። ወረድሁ ያልሁት ለክብሬ ነው። የእኔን መውደቅ ያየችው የጭነት በቅሎ ደግሞ ደንግጣ፣ ሣጥኑን እንደ ጫነች ውሃው ውስጥ ተኛች። አያ ታረቀኝ መጀመሪያ በቅሎዋን፣ ቀጥሎ መጽሐፉን፣ በመጨረሻ እኔን አወጡ። ልብሴን ጨምቄ እያነከስሁ ወደ መንደሩ ስንቃረብ፣ እርካቡን የሚሠራ ወርቁ የሚባል ቀጥቃጭ ከዳገቱ ሥር እንዳለ አያ ታረቀኝ ነገሩኝ። እንግዲህ የመንግሥት መርማሪ ሆኜ በትምህርት ቤቱ በር እገባለሁ ስል፣ ጭቃ ለብሼ በቀጥቃጩ በር ገባሁ።

የወርቁ መሥሪያ አራት ምሰሶ ላይ የቆመ የሣር ጣሪያ ነው። በዙሪያው ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቆመዋል፤ አንድ ወጣት አስተማሪም አብሯቸው አለ። ፊቱ ላይ ጥላሸት አለ። ሰላም ብሎኝ እርካቡን ተቀበለኝና ለልጆቹ አሳየ፤ ከየት በኩል እንደ ተሰበረና ለምን እንደ ተሰበረ እንዲነግሩት ጠየቀ። ተከራከሩ። አንዱ አሮጌ ስለሆነ ነው አለ፤ ሌላው አሮጌ ሁሉ አይሰበርም ብሎ መለሰለት። አስተማሪው አላቋረጣቸውም፤ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ ወደ ወርቁ ዞረና «መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ። ወርቁ ቀጭን፣ ረዥም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ብረቱ በመጀመሪያ ሲሠራ ከመጠን በላይ ሞቆ በድንገት ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ስለዚህ ጠንክሮ ነው እንጂ ደክሞ አልተሰበረም አለ።

ከዚያ አስተማሪው እኔን አየና ሥራ ፈት መሆኔን አስተዋለ። ወናፉን የሚነፋው ልጅ እጁ ስለ ዛለ እንዳግዘው በትሕትና ለመነኝ። ማን እንደሆንሁ የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር፤ አልተናገርሁም። በመምሪያዬ ላይ ስለ ወናፍ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። ተቀምጬ የወናፉን ሁለት አቁማዳ በአንድ ጊዜ ተጫንሁ። እሳቱ ተኛ፤ አመዱ ግን ተነሥቶ ፊቴን ሞላው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ መጣችና ምንም ሳትስቅ አንዱ ሲወርድ ሌላው መነሣት እንዳለበት፣ ትንፋሹ እንዳይቋረጥ አሳየችኝ። አስናቀች ትባላለች። ብዙ ቆይቶ እጄ ገባው፤ ጭንቅላቴ ግን ከአንቀጹ ጋር ቀረ።

ወርቁ ትንሽ የብረት ቀለበት አግሎ በተሰበረው ቦታ ላይ በጉጠት አጠለቀው። ሲቀዘቅዝ ነክሶ ያዘው። የመርማሪነት ነገር ተነሣብኝና ልጅቱን «ብረት ሲሞቅ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የትኛው ብረት? ምን ያህል ሲሞቅ?» አለችኝ።

መልሱን ስለማላውቅ ይኼ ቀለበት አልሁ። እሱማ ሲሞቅ ሰፍቶ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ጠቦ ያጠብቃል አለች፤ ነገር ግን በጣም ከሞቀ ይለሰልስና ሲመቱት ይሳሳል፣ ስለዚህ መምህር ወርቁ ቀለሙን ነው የሚያዩት ብላ ጨመረችልኝ። ዓርብ ዕለት «በጣም ጥሩ» ብዬ የጻፍሁት ትዝ አለኝና ማስታወሻዬን ሳላወጣ ቀረሁ። እርጥብም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ልብሴን አስተካክዬ፣ የተልእኮ ደብዳቤዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። አስተማሪው፣ ይልማ ብዬዋለሁ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበና እጄን ጨበጠኝ። ወናፉ ክንዴን እንዳላሳመመኝ ጠየቀኝ። ሣጥኑን ከፍተን እርጥቡን መምሪያ በግቢው ሣር ላይ ዘርግተን አሰጣነው። የመምሪያዬን ገጾች በስማዳ ያገላበጠ ነፋሱ ነው።

ማምሻውን ዋናው ከሳሽ ግራዝማች ደምሴ ጠሩኝ። በግ አርደው ነበር። የከሳሽን በግ መብላት ለመርማሪ ተገቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከአምስት ቀን ሽሮና አሹቅ በኋላ ግን ደንቡ በትክክል ትዝ አላለኝም። ግራዝማች ትልቅ ሰው፣ ፊታቸው የተፈታ፣ በእጃቸው እያጎረሱ የሚያስገድዱ ናቸው። የወናፉ አስተማሪዬ አስናቀች የእሳቸው ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ውሃ ስታስታጥበኝ ነው። ግራዝማች አገር የሚለውን እንድሰማ ፈለጉ። ቀጥቃጭ በዚህ አገር ዓይኑ ይፈራል፤ ሰው ከእሱ ጋር አይጋባም፤ ከማዕዱም አይቆርስም። ወንድሞቻቸው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላካቸውን ሲቃወሟቸው እሳቸው ነበሩ የተከራከሩላት፤ አሁን ግን ጥላሸት ለብሳ ስትገባ ምን ብለው ይመልሱላቸው? ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ክሱ የክፋት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ልጅቱ ብዙ ነገር እንደምታውቅ ልነግራቸው ሞከርሁ። ከልብ አዳመጡኝና እንዲህ አሉ፦

«እኔ የላክኋት እንደ አንቱ እንድትሆን ነው። አንቱ በእጅዎ ምን ይሠራሉ?»

«ምንም» አልኋቸው።

«ይኸው» አሉ፤ ሌላም ጉርሻ ሰጡኝ።

ረቡዕ ምርመራው ተደረገ። በአንዱ ክፍል ውስጥ ሽማግሎች በተማሪዎቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተሰየምሁ። ወርቁ ተጠርቶ መጣ፣ ግን አልገባም፤ ከመስኮቱ ውጭ ቆመ። ክሱን አነበብሁ። ይልማ ተነሥቶ ያደረገውን አንድም ሳይክድ ተናገረና ከኪሱ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ጥላሸት የጠጣ፣ ጠርዙ የተቃጠለ፣ በየገጹ በእርሳስ የተጻፈበት ነው። የእኔ መምሪያ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ተነቦ አይቼው አላውቅምና። ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፍቶ አነበበ። «አስተማሪው ልጆቹን ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወስዳቸው ዘንድ በጥብቅ ይታዘዛል።» አማርኛው እውነትም ያማረ ነበር።

ግራዝማች ደምሴ ተነሡ።

«እንግዲያስ ጥፋቱ የዚህ ልጅ አይደለም» አሉ። «ይህን የጻፈው ሰው ነው። መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።»

ሽማግሎቹ ሁሉ ልክ ነው አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጸሐፊውን አውቀው እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች አንዱ እንደሆነና ጉዳዩን ለበላይ እንደማስታውቅ መለስሁ። ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አያ ታረቀኝ አዩኝ፤ ከዚያም ዱላቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ከዚህ ያወጡኝ የደብሩ መሪጌታ ናቸው። በድካም ተነሥተው ድጓ የተማሩት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም መሆኑን ተናገሩ። እዚያ ዜማውን በጆሮ ብቻ ይዞ መሄድ የለም፤ ተማሪው የሚማርበትን መጽሐፍ በእጁ ጽፎ ነው የሚጨርሰው። እሳቸውም ቆዳ ገዝተው ነከሩ፣ ወጠሩ፣ ፋቁ፤ ቀለም በጠበጡ፣ ብዕር ቀረጹ።

«ዓመት ሙሉ ቆዳ ስፍቅ» አሉ፣ «ፋቂ ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም። መሪጌታ አላችሁኝ እንጂ። ያ እጄ ነው ዛሬ የምትሳለሙት።»

ግራዝማች ወለሉን ተመለከቱ። ብዙ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የአገሩ ደንብ ነውና ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ፤ እኔን ለጊዜው ረሱኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሱበት ይህ ነው፤ ልጆቹ ወደ ቀጥቃጭ ቤት አይሄዱም፤ ቀጥቃጩ ወናፉን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ «መምህር» ይባላል፤ ከአጥሩ ሲወጣ ወርቁ ይሆናል። ይህ ታላቅ ፍርድ ሆኖ ሁሉም መረቀው፤ እኔም ፈረምሁበት። ወርቁን በመስኮቱ በኩል ይስማማ እንደሆነ ጠየቁት። ብረቱ የት እንዳለ ስለማይለይ ለእሱ ግድ እንደሌለው ተናገረ። ይህን ሲል ግን እያየሁት ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። የደስታ ይሁን የሌላ መጠየቅ አልደፈርሁም።

ሐሙስ ልንነሣ ስንል ይልማ ሊሸኘኝ መጣ። ሰው አጠገባችን እንደሌለ አይቼ፣ መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ አልሁት። እንደሚያውቅ ነገረኝ።

«ሰኞ ማታ አያ ታረቀኝ ለሁሉም ነግረዋቸዋል» አለ። «ትናንት የተቀመጠው ሰው በሙሉ ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«እንግዳ ስለሆኑ ነው። ራስዎ ይናገሩ ብለው ነው።»

በቅሎዬን ትቼ በእግሬ ወደ ግራዝማች ቤት ተመለስሁ። ከደጃቸው ላይ አገኘኋቸውና የመጽሐፉ ጸሐፊ እኔ መሆኔን በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። ግራዝማች ቅንድባቸውን አነሡ። «እንዲህ ነው እንዴ? እኔ እኮ አላወቅሁም» አሉ፤ እንዲህ አሳምሮ የማያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ለመንገድ ብለው አንድ አቁማዳ ዳቦ ቆሎ አሲያዙኝ። እኛ በመሥሪያ ቤታችን የሰው ጥፋት ሲገኝ ወዲያው በሦስት ቅጂ እንጽፈዋለን።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ደረስን። ገበያው ቆሞ ነበር፤ ከየአቅጣጫው ሰው በእግሩ፣ ጭነት በአህያ ይጎርፋል። ለሁለት ትምህርት ቤት እንዳድል የቀሩኝን ቅጂዎች ስናወርድ፣ ውሃ ያበላሻቸው ለብቻ ተከምረው ያየች በርበሬ ሻጭ መጥታ ወረቀቱን እንድሸጥላት ጠየቀችኝ፤ ለመጠቅለያ ጥሩ ነው አለች። ሁሉንም እንደምትወስድም አስታወቀችኝ። መጽሐፌን እንዲህ ከልቡ የፈለገ ሰው ከይልማ ቀጥላ እሷ ናት። እንዲያው ሰጠኋት፤ እሷም ዋጋውን በመጽሐፉ ገጽ በተጠቀለለ በርበሬ ከፈለችኝ። ሚስቴ ወጡን አመስግናለች።

ቅዳሜ ቤተ ልሔም ሄድሁ። የተልእኮ ደብዳቤዬ ላይ የለም፤ የመሪጌታው ነገር ስቦኝ ነው። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ከአንዱ የሚወጣው ዜማ ከሌላው ጋር ይገናኛል። አንድ ጺማም ተማሪ ብራና ላይ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከውጭ ሆነው ሌላ ተማሪ የሚሰሙት የኔታ ድንገት ጣታቸውን አነሡ፤ ያኛው አንድ የዜማ ምልክት ስቶ ኖሯል። ቆመና እንደገና ጀመረ። ጺማሙም የራሱን ስሕተት በቢላዋ ፋቀ። እዚህም በቃል ይባላል፤ እኔ ግን «በጣም ጥሩ» ለማለት አልደፈርሁም።

ለየኔታ አንድ ደረቅ ቅጂ አበረከትሁላቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱትና ማን እንደ ጻፈው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልሁ፤ አሁን አፌ ለምዶታል። በቃሌ እወጣው እንደሆነ ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጀመርሁላቸው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ጠፋኝ። የኔታ ሳይስቁ «ገና አልያዙትም» አሉኝና ጠላ እንዲቀዳልኝ አዘዙ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ዘገባዬን ስጽፍ ይልማን እስከምችለው ድረስ አመሰገንሁት። አለቃዬ በአገልግሎት ዘመኑ አንብቦ የጨረሰው የመጀመሪያ ዘገባ ይህ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው በገጠር መባከን የለበትም ብሎ ደስ አለው፤ ወዲያው በሹመት ወደ መሥሪያ ቤታችን ተዛውሮ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ መምሪያ እንዲጽፍ ደብዳቤ ወጣ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የይልማ መልስ መጣ። ስለ ተሰጠው ክብር አመስግኖ፣ ልጆቹ የጀመሩት ሥራ ስላለ ባለበት እንዲተዉት ይለምናል። አለቃዬ ሹመት የሚመልስ የመንግሥት ሠራተኛ አይቶ አያውቅምና ይህ አለመታዘዝ ነው አለ። ከሥራ የሚታገድበትን ደብዳቤ እንዳረቅ አዘዘኝ፤ ጉዳዩን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ከሳሾቹ ያላገኙበትን ጥፋት የእኔ ምስጋና አገኘበት።

ያን ቀን ብዙ ተቀመጥሁ። ከዚያ ዶሴውን አነሣሁና ቀደም ያለ ተመሳሳይ ውሳኔ እንዳለ እንዲጣራ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት መራሁት። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው ብሎ ወደ ሠራተኞች ክፍል ላከው። ከዚያ ሲመለስ አንድ አባሪ እንደሚጎድለው አስተዋልሁና በትሕትና መለስሁት። አባሪው ሲገኝ ማኅተሙ አልታየኝም። አለቃዬ አልፎ አልፎ ይጠይቀኛል፤ እኔም ተነሥቼ «በመታየት ላይ ነው» እላለሁ፤ ትጋቴን ያደንቃል። ይልማ ያስተምራል። ወርቁም በአጥሩ ውስጥ መምህር ነው።

ይህን ዶሴ የማንከራተት ሙያ በመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ በየትኛውም መምሪያ ላይ አልጻፍሁትም። በወጣትነቴ ከአንድ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሹም ጎን ለዓመታት ተቀምጬ፣ እጃቸውን እያየሁ፣ ስሳሳትም እያረሙኝ ያገኘሁት ነው። ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ዶሴው ዛሬም በመታየት ላይ ነው።